ሳሙኤል ጆንሰንና የእንግሊዝኛ ትንንሽ ቃላት



በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የምናነበው ስለ ጦር መሪ ወይም ስለ ሳይንስ ሊቅ ነው። እኔ ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው ግን አንድ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅን ነው። ከሞተ ከ240 ዓመት በላይ ሆኖታል። ለምን እሱን መረጥህ የሚለኝ ቢኖር ምክንያቴ አንድ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የራሴ ነው።

ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች የዓርቡ የእንግሊዝኛ ፈተና ወደ ሰኞ መተላለፉን ማስታወቅ ነበረብኝ። መቼም አዲስ መምህር እንግሊዝኛ ማወቁን ማሳየት ይወዳል። ቀላሉን ቃል ትቼ የዓርቡ ፈተና «ኮልድ ኦፍ» ሆኗል ብዬ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ብዙዎቹ ተማሪዎች ጽሑፉ ስላልገባቸው በረንዳ ላይ አግኝተው በአማርኛ ጠየቁኝና ሰኞ መሆኑን ነገርኳቸው። አንዲት ተማሪ ግን አንብባ፣ ተረድታ ወደ ቤቷ ሄደች። ሰኞ ዕለት ባዶ ወረቀት መለሰችልኝ። ለምን አላጠናሽም ብዬ በክፍሉ ፊት ተቆጣኋት፤ ዜሮም ሰጠኋት። በማግሥቱ ከቤተ መጻሕፍት መዝገበ ቃላት ተውሳ መጣችና ገጹን ገልጣ ምንም ሳትናገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ፑት ኦፍ» ማለት አንድን ነገር ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ነው። «ኮል ኦፍ» ማለት ግን ጭራሹን መሠረዝ ነው። ስለዚህ ፈተናው ተሠርዟል ብዬ የጻፍኩት እኔው ስሆን የተቀጣችው የጻፍኩትን በትክክል ያነበበችው ልጅ ነበረች ማለት ነው።

የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ እነዚህን ተመሳስለው የሚያሳስቱ የእንግሊዝኛ ግሦች በሰፊው የመረመረ ማን ይሆን ብዬ ማገላበጥ ጀመርኩ። ከቀደምቶቹ መካከል ያገኘሁት ሰው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ሕይወቱን ሳነብ ደግሞ እንዲህ ላለ ሥራ የተፈጠረ ብቻ ሳይሆን በመምህርነት ወድቆ የተነሣ ሰው ሆኖ አገኘሁት።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1709 በእንግሊዝ አገር ሊችፊልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ማይክል ጆንሰን መጽሐፍ ሻጭ ነበር፤ ሆኖም ንግዱ የሚያወላዳ ስላልነበረ ቤተ ሰቡ ከችግር አልወጣም። ሕፃኑ ገና በጨቅላነቱ የአንገት ዕጢ የሚያሳብጥ በሽታ ይዞት ዓይኑንና ጆሮውን አደከመው። በዚያን ዘመን ይህን በሽታ የነገሠ ሰው እጅ ከነካው ይድናል የሚል እምነት ስለነበረ እናቱ ለንደን ድረስ ወስዳ በንግሥት አን አስዳሰሰችው። ምን ይሆናል፣ በሽታው አልተሻለውም፤ የዕድሜ ልክ ጠባሳ ትቶበት አለፈ። ካደገም በኋላ ፊቱና እጁ ያለ ፈቃዱ ይወራጭ ስለነበር የማያውቁት ሰዎች ሲያዩት ይደነግጡ ነበር።

በሊችፊልድ የተማረበት ትምህርት ቤት አለቃ ጆን ሃንተር የሚባል ኃይለኛ መምህር ነበር። ጆንሰን ካረጀ በኋላ እንኳ ይህን ሰው ሲያስታውስ የሚናገረው አንድ ቅሬታ ነበረው። ይኸውም መምህሩ ያልተማረውንና የሰነፈውን ልጅ ሳይለይ እኩል ይገርፍ እንደነበር ነው። አንዱን ልጅ ድንገት አስነሥቶ መቅረዝ በላቲን ምን ይባላል ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁ ቃሉን ሰምቶት አያውቅም፤ ነገር ግን ባለማወቁ ይገረፋል። እርግጥ ጆንሰን ላቲን አጥብቆ ያወቀው በዚያው ጅራፍ መሆኑንም አልካደም። ሆኖም ልጅን ባልተነገረው ነገር መቅጣት ፍርደ ገምድልነት መሆኑን እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳም። እኔም ይህን ባነበብኩ ጊዜ ያቺ ባዶ ወረቀት ትዝ አለችኝ።

እ.ኤ.አ. በ1728 ኦክስፎርድ ገብቶ ፔምብሮክ በሚባለው ኮሌጅ ትምህርቱን ጀመረ። ከመምህራኑ አንዳንዶቹ ንባቡ እንደዚያ ሰፊ የሆነ አዲስ ተማሪ አይተው አያውቁም ነበር። ገንዘብ ግን አልነበረውም። ጫማው አልቆ ጣቶቹ ወደ ውጭ ሲታዩ አንድ ሰው አዝኖለት አዲስ ጫማ በሩ ላይ አስቀመጠለት። ጆንሰን ግን እንደ ምጽዋት ቆጥሮት በንዴት አሽቀንጥሮ ጣለው። አሥራ ሦስት ወር ያህል ከተማረ በኋላ የሚከፍለው ቢያጣ ዲግሪውን ሳይዝ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ያልተሳካለት መምህር

አባቱ እ.ኤ.አ. በ1731 ሞተ። ጆንሰን በሚከተለው ዓመት ማርኬት ቦስዎርዝ በሚባል ቦታ በረዳት መምህርነት ተቀጠረ። ሥራው እጅግ ስላስመረረው ጥቂት ወራት ቆይቶ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ የመምህርነት ሥራ ቢጠይቅም ዲግሪ የለህም፣ ደግሞም የፊትህ መወራጨት ተማሪ ያስቃል እየተባለ ተመለሰ።

በዚህ መካከል የሠራው አንድ ሥራ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። ጀሮኒሞ ሎቦ የተባለ ፖርቱጋላዊ የካቶሊክ ቄስ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን መጥቶ ያየውን ጽፎ ነበር። ጆንሰን ይህን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛው ትርጉም ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ እ.ኤ.አ. በ1735 ታተመለት። የመጀመሪያ መጽሐፉ መሆኑ ነው። እንግዲህ በእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ከታወቁት ሰዎች አንዱ ብዕሩን ያሟሸው ስለ ኢትዮጵያ በተጻፈ መጽሐፍ ነው ማለት ይቻላል። የተከፈለው ግን አምስት ጊኒ ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት በዕድሜ ሃያ ዓመት ያህል የምትበልጠውን ኤልሳቤጥ ፖርተር የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አገባ። በእሷ ገንዘብ በሊችፊልድ አጠገብ ኤዲያል በሚባል ሥፍራ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። በጋዜጣ ማስታወቂያ ቢያወጣም የመጡለት ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እነዚያም ቢሆኑ ሁኔታውን እያዩ ይሳለቁበት ነበር። ትምህርት ቤቱ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተዘጋ። ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1737 ከተማሪዎቹ አንዱ ከሆነው ከዴቪድ ጋሪክ ጋር ዕድሉን ሊሞክር ወደ ለንደን አመራ። ጋሪክ በኋላ በእንግሊዝ አገር እጅግ የታወቀ የቴአትር ተዋናይ ሆኗል። ስለዚህ መምህሩ አልተሳካለትም ቢባልም ተማሪው ተሳክቶለታል።

ዘጠኝ ዓመት ከቃላት ጋር

ለንደን ውስጥ ጆንሰን ለመጽሔት እየጻፈ፣ እየተረጎመ፣ አንዳንዴም ማደሪያ አጥቶ ሌሊቱን በመንገድ ሲዞር እያደረ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1746 ግን የለንደን መጽሐፍ አሳታሚዎች ተሰብስበው አንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅላቸው በ1,500 ጊኒ ተዋዋሉት። ከዚህ ገንዘብ የረዳቶቹንም ደመወዝ የሚከፍለው እሱ ነው። የፈረንሳይ አካዳሚ ተመሳሳይ ሥራ ለመጨረስ አርባ ሊቃውንት ይዞ ከሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቶ ነበር። ጆንሰን ስድስት ጸሐፊዎች ይዞ በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ አለ። የፈጀበት ዘጠኝ ዓመት ያህል ነው።

ሥራው የሚካሄደው ጎፍ አደባባይ በሚባል ቦታ በተከራየው ቤት ጣሪያ ሥር ነበር። ጆንሰን የታወቁ ደራስያንን መጻሕፍት እያነበበ የሚፈልገውን ቃል በእርሳስ ያሠምርበታል፤ ጸሐፊዎቹ ዓረፍተ ነገሩን በቁራጭ ወረቀት ይገለብጡና በፊደል ተራ ያስቀምጡታል። የቃሉን ፍቺ የሚወስነው እነዚያን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ ሰዎች ቃሉን እንዴት እንደ ተጠቀሙበት አይቶ ነው። ይህ አሠራር ለእኛ ቀላል ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን እንግሊዝኛን በዚህን ያህል ስፋት እንደዚህ የመረመረ ሰው አልነበረም።

ታዲያ ያሠቃዩት የትኞቹ ቃላት ናቸው? ረጃጅሞቹና ከግሪክ የመጡት ይመስሉን ይሆናል። አይደሉም። ያሠቃዩት ሕፃን ልጅ የሚያውቃቸው እንደ «ቴክ»፣ «ፑት»፣ «ሰት»፣ «ጊቭ»፣ «ካም»፣ «ፎል» ያሉት አጫጭር ግሦች ናቸው። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሲቆሙ ብዙ ፍቺ አላቸው። ከኋላቸው «ኦፍ»፣ «አውት»፣ «ኢን»፣ «አፕ»፣ «ኦን» የመሳሰለ ትንሽ ቃል ሲጨመርባቸው ደግሞ ፍቺው ከሁለቱም ቃላት የማይገመት ሌላ ነገር ይሆናል። ጆንሰን «ቴክ» ለሚለው ግሥ ብቻ ከ130 በላይ አገባቦችን ለይቶ መዝግቧል። መጀመሪያ ያዘጋጃቸው ደብተሮች የፍቺውንና የምሳሌውን ብዛት መያዝ ስላልቻሉ ትቷቸው ሥራውን በሌላ መልክ እንደገና ለመጀመር ተገዷል።

ከመዘገባቸው አንዳንዶቹን እንይ። «ሰት አውት» እና «ሰት ኦፍ» ሁለቱም ለጉዞ መነሣት ይሆናሉ። ነገር ግን አንድ ሰው ዓላማ ይዞ አንድ ነገር ለመሥራት ተነሣ ለማለት የሚስማማው «ሰት አውት» ነው። «ሰት ኦፍ» ደግሞ አንድን ነገር ከሌላው አጠገብ አድርጎ ውበቱን ማጉላትም ይሆናል፤ በዛሬው እንግሊዝኛ ፈንጂ ማፈንዳትንም ይጨምራል። ቃሉን ወደ «ሰት ኢን» ከለወጥነው ክረምት ገባ፣ ብርድ ገባ እንደምንለው መጥቶ የሚቆይ ነገር ይሆናል። «ፎል ኦን» በጠላት ላይ መውደቅ፣ ማለትም ማጥቃት ነው፤ «ፎል ኦፍ» ግን መክዳት ወይም መሸሽ ነው። የተለወጠው አንድ ትንሽ ቃል ብቻ ሲሆን የመጀመሪያው ሰው አጥቂ፣ ሁለተኛው ከጂ ሆነ።

እኛ ክፍል ውስጥ ዘወትር የምናምታታቸውም ከዚሁ ወገን ናቸው። «ጊቭ አፕ» እና «ጊቭ ኢን» በአማርኛ ሁለቱንም እጅ መስጠት እንላቸዋለን። ሆኖም የጀመረውን ሥራ ወይም የለመደውን ነገር የተወ ሰው «ጊቭ አፕ» አደረገ ይባላል። ሌላ ሰው ገፋፍቶት በመጨረሻ እሺ ያለ ሰው ደግሞ «ጊቭ ኢን» አደረገ ይባላል። ሲጋራ ማጨስ ያቆመውን በሁለተኛው ብንገልጸው ነገሩ ይገለበጣል። ደግሞም ጊዜ ራሱ ይለውጣቸዋል። በጆንሰን ዘመን ማቆም ለማለት የተለመደው «ጊቭ ኦቨር» ዛሬ እምብዛም አይሰማም። በአንጻሩ አሁን አውሮፕላን ሲነሣ የምንለውን «ቴክ ኦፍ» ጆንሰን በዚያ ፍቺው አያውቀውም፤ በዘመኑ አውሮፕላን የለማ!

ጆንሰን በመዝገበ ቃላቱ መግቢያ ላይ የዚህን ዓይነት አነጋገር ነገር አንሥቶ ከሁሉ ይልቅ የሚቸገሩት የውጭ አገር ሰዎች መሆናቸውን ገልጿል። ስለዚህም በተለየ ጥንቃቄ ሰብስቧቸዋል። ሁሉንም ጨርሻለሁ አላለም። ቢሆንም ተማሪው የተመዘገቡትን እያነጻጸረ ያልተመዘገቡትን ሊረዳ ይችላል የሚል ተስፋ ነበረው። አንባብያን ሆይ፣ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያጠናው ሰው እነዚህ ቃላት አስቸጋሪ ናቸው ብሎ ከመሰከረ እኛ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያላወቀውን ተማሪ የምንሰድበው በምን መብታችን ነው?

የራሳችንንም ቋንቋ እንመልከት። «አለ» ማለት ተናገረ ማለት ነው። ነገር ግን «ዝም» ሲጨመርበት አለመናገር ይሆናል፤ «ቁጭ» ሲጨመርበት መቀመጥ፣ «ብድግ» ሲጨመርበት መነሣት ነው። «ቃል ገባ» ያልነው ሰው አደርጋለሁ ብሎ ተስፋ የሰጠ ነው፤ «ቃል ሰጠ» ያልነው ደግሞ ፖሊስ ወይም ዳኛ ፊት የመሰከረ ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው ለጓደኛው ነገ እመጣለሁ ብሎ ቃል ሰጠሁ ቢል እንስቃለን። እሱ ግን ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የተሳሳተው። ልዩነቱን የነገረው ስለሌለ ነው።

የመጽሐፉ መውጣት

መዝገበ ቃላቱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1755 በሁለት ትልልቅ ጥራዝ ታትሞ ወጣ። ከ42,000 በላይ ቃላትና ከ110,000 በላይ የምሳሌ ጥቅሶች ይዟል። ኦክስፎርድም ከጥቂት ጊዜ በፊት ዲግሪ ስለሰጠው በድኅነት ምክንያት ያመለጠው ማዕረግ በመጽሐፉ ፊት ገጽ ላይ ከስሙ ጋር ታተመለት። ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ሚስቱ ከሦስት ዓመት በፊት ሞታ ነበር። ሥራው ሲጀመር ይረዳዋል ተብሎ የታሰበው ሎርድ ቼስተርፊልድም ለዓመታት ረስቶት ቆይቶ መጽሐፉ ሊወጣ ሲል አሞጋገሰው። ጆንሰን በሚገባ ቃል የዘገየው ውዳሴ እንደማያስፈልገው ጽፎ መለሰለት።

ሥራውን ሲጀምር እንግሊዝኛን አጥርቶ እንዳይለወጥ ለማድረግ አስቦ ነበር። ሲጨርስ ግን ሕይወት ያለው ቋንቋ በመጽሐፍ ታስሮ እንደማይቆም አመነ፤ ማመኑንም በመግቢያው ላይ ሳያፍር ጻፈው። በመጽሐፉ ውስጥ የተሳሳተውም ነገር አለ። የፈረስ እግር አንዱን ክፍል የሚጠራውን ቃል ጉልበት ነው ብሎ ፈትቶት ነበር። አንዲት ሴት እንዴት እንዲህ አልክ ብላ ብትጠይቀው ሰበብ አልፈለገም፤ ባለማወቄ ነው ብሎ በአጭሩ መለሰላት። እ.ኤ.አ. በ1773 አሻሽሎ ባሳተመው ዕትም ደግሞ አረመው።

የመጨረሻ ዘመኑ

መዝገበ ቃላቱ ዝና እንጂ ሀብት አላመጣለትም። በሚከተለው ዓመት በዕዳ ተይዞ ወዳጁ ደራሲው ሳሙኤል ሪቻርድሰን ገንዘብ ልኮ አስለቀቀው። እ.ኤ.አ. በ1759 እናቱ ስትሞት ለቀብሯና ለዕዳዋ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በአንድ ሳምንት ምሽቶች አንድ ልብ ወለድ ጻፈ። እሱም የአቢሲንያው መስፍን የራስላስ ታሪክ ነው። ኢትዮጵያን አይቷት ባያውቅም በወጣትነቱ የተረጎመው የሎቦ መጽሐፍ ከአእምሮው አልወጣም ነበር። ይህን መጽሐፍ ስራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶልናል።

እ.ኤ.አ. በ1762 ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በዓመት 300 ፓውንድ ጡረታ ቆረጠለት። ከዚያ በኋላ የዕለት ጉርሱ አላሳሰበውም። ቤቱም የድኆች መጠጊያ ነበር። በጃማይካ በባርነት የተወለደውን ፍራንሲስ ባርበርን ከልጅነቱ ጀምሮ በቤቱ አኑሮ፣ ትምህርት ቤት ልኮ አስተምሮታል፤ በኑዛዜውም ዋና ወራሹ አድርጎታል። ታሪኩን ለዓለም ያስታወቀው ስኮትላንዳዊው ወዳጁ ጄምስ ቦስዌል ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 13 ቀን 1784 በ75 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረውም በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ተማሪው ጋሪክም እዚያው አጠገቡ ተቀብሯል።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው ብዙ ነው። እኔ ግን ሁለት ነገር ብቻ ልያዝ። አንደኛ፣ ከሚያስቸግሩት ቃላት ብዙዎቹ ትንንሾቹ ናቸውና እናውቃቸዋለን ብለን ሳንገልጥ አንለፋቸው። ግሡን ብቻውን ሳይሆን ከተከታዩ ትንሽ ቃልና ከዓረፍተ ነገር ጋር እናስጠና። ሁለተኛ፣ ባለማወቄ ነው ማለት መዝገበ ቃላት የጻፈውን ሰው ካላዋረደው እጩ መምህርንም አያዋርደውም።

ጽሑፌን ከመጨረሴ በፊት የጀመርኩትን ልቋጭ። በሦስተኛው ቀን ክፍል ገብቼ «ፑት ኦፍ» እና «ኮል ኦፍ» የሚሉትን ጎን ለጎን በሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን በአማርኛ ተናገርኩ፤ ሁሉም ሊሰማው የሚገባ ነገር ነውና። ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ዜሮውንም ሠርዤ እንድታጠና ሦስት ቀን ሰጥቼ ፈተንኳት። ክፍሉ ይስቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አንድም የሳቀ አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ያልገባቸውን በረንዳ ላይ ተደብቀው ሳይሆን በክፍል ውስጥ እጃቸውን አውጥተው መጠየቅ ጀመሩ።

ከአንድ እጩ መምህር